የአርካዊቱ ጥቁር ሽቦ

ካርቱም ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ገበያ ዳር ባለው አደባባይ ሥራ ፈላጊ ስሙን አይጠየቅም። የሚጠየቀው ከፊቱ ያጋደመው ዕቃ ነው። ግንበኛው ካዙላውን፣ ቀለም ቀቢው ብሩሹን፣ የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ከኋላው ቁጢጥ ይላል። አሠሪው መኪናውን ሲያቆም የሰው ፊት አያይም፤ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። «ያ ካዙላ! ያላ፣ ና!» ይላል፤ በአረብኛ አንተ ካዙላ፣ ቶሎ በል ማለቱ ነው። ካዙላው ይነሳል፤ ሰውየውም አብሮት ይነሳል።

ጥጋቡ በዚያ አደባባይ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያ ኮሬክ» ሲባል ኖረ። ኮሬክ አካፋ ነው። አካፋ ማለት እዚያ ቦታ ላይ «ጉልበት አለኝ፣ ሌላ ምንም የለኝም» ብሎ መማል ነው። አሸዋ ያስጭኑታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍሩታል፣ የፈረሰ ግንብ ያስጠርጉታል። የካርቱም ፀሐይ አናቱን ስትቀቅለው ትውልና ላቡ ሸሚዙ ላይ ነጭ ጨው ሠርቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህ ሰው ግን መሃይም አልነበረም፤ ይሄ በደንብ ይሰመርበት። ደብረ ታቦር እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል። ስለ ኮረንቲም ተምሯል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። መምህሩ ባትሪ፣ ማብሪያና አምፖል በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለ፤ ተማሪው ገለበጠ፤ ደወል ተደወለ። በዚያ የታጨቀ ክፍል ውስጥ ሽቦ በእጁ የነካ አንድም ልጅ አልነበረም። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ነጥብ አልመጣለትም፣ አለቀ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን የአምፖል ሥዕል አሳይቶ፣ ሥዕሉን በትክክል አላስታወስክም ብሎ ደጅ ማውጣት ትምህርት ከተባለ፣ ማባረር ምን ሊባል ነው? ጥጋቡ ያንን ቂም ይዞ ነው መተማን የተሻገረው። ካርቱም ለእሱ መንገድ ነበረች፤ ልቡ ያለው ሊቢያ፣ ከሊቢያም ማዶ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው በ2008 ዓ.ም. አንድ ግንባታ ቦታ አሸዋ ሲያመላልስ ነው። አንድ ሱዳናዊ ከህረባጂ፣ የኮረንቲ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ። ግድግዳ ላይ አንድ ሁለት ነገር ነካካ፣ መብራቱን አበራ፣ ሻዩን ጠጥቶ ንጹሕ ሸሚዙን እንደለበሰ ሄደ። ጥጋቡ አካፋውን ተደግፎ ጀርባውን በዓይኑ ሸኘው።

«ይሄን የት ተማርከው?» ብሎት ነበር ቀደም ሲል።

«አባቴ ነዋ ያስተማረኝ» አለው ሰውየው።

የጥጋቡ አባት ስለ ኮረንቲ አያውቁም። ታዲያ እሱ ከማን ይማር?

አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር፣ ዓባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ገብረየስ የሚባሉ የጎጃም ሰው ዘበኛ ናቸው። ጢማቸው ሸብቷል፣ ካርቱም ብዙ ቆይተዋል፣ አማርኛቸው ላይ አረብኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ። የቤቱ ሰዎች ዓርብ ዓርብ ኦምዱርማን ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ጥጋቡ ወደ እርሳቸው ይመጣል። የቤቱ ልጅ የዋይፋዩን ቁልፍ ቃል ለጋሽ ገብረየስ ሰጥቷቸዋል፤ እርሳቸው ለጥጋቡ ሰጥተዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያንን የመሰለ ሀብት ሁለቱም ለኳስና ለዘፈን ነበር ያዋሉት። እንግዲህ ምን ይባላል! የዓለም ትምህርት ቤት በር ተከፍቶ፣ እነሱ በሩ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውሉ ነበር።

ጥጋቡ በአማርኛ ፈለገ። ዘፈን አገኘ፣ ስብከት አገኘ፣ የሠርግ ጭፈራ አገኘ። ስለ ሽቦ አፉን የከፈተ አንድ ሰው አላገኘም። በዚያችው በተሰባበረች የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛው ጻፈ፤ አንድ ወፍራም ጣቶች ያሉት አሜሪካዊ ሽማግሌ መጣለት። ሽማግሌው ጋራዡ ውስጥ ቆሞ፣ ሽቦውን ወደ ካሜራው አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ነጥብህ ስንት ነው አይልም። ካልገባህ መልሰህ ታየዋለህ፤ አይቆጣም። ጥጋቡ አንዱን ቪዲዮ ደጋግሞ ያያል፣ ያቆማል፣ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ እንደገና ያያል። ከጋሽ ገብረየስ ክፍል ጀርባ አንድ ሳንቃ ላይ ማብሪያ፣ ሶኬትና የአምፖል ቤት ቸነከረ፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሽቦ ለቃቅሞ ያገናኛል፣ ይፈታል፣ ያገናኛል።

ጋሽ ገብረየስ ሲያዩት ይስቃሉ። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ሳንቃ ልታገባት ነው እንዴ? ወላሂ ሚስት እንዲህ አትታሽም!»

አንድ ቀን ፈተና ያለው፣ ሲያልቅ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ነፃ ኮርስ አገኘና ሊመዘገብ ሞከረ። ገጹ ትንሽ አሰበና መለሰ፤ ባሉበት አገር ምክንያት ይህን አገልግሎት ልንሰጥዎ አንችልም። ከላይ በትልቁ ደግሞ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው ይላል። መንግሥታት ተጣልተው ማዕቀብ ጣሉ፤ ማዕቀቡ ተንከባሎ ተንከባሎ መጥቶ አካፋ የተሸከመ ሐበሻ ጫንቃ ላይ አረፈ። ጥጋቡ ስልኩን ሊወረውረው እጁን አነሳ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ወረቀቱን ይያዙት» አለ። «አደባባይ ላይ ወረቀት የሚያይ የለም።»

እውነቱን ነው። አደባባይ ላይ የሚታየው ዕቃ ነው።

በዚያው ሰሞን ሻምበል ሊያነጋግረው መጣ። ሻምበል የወታደር ማዕረጉ ሳይሆን ስሙ ነው፤ የሐበሻ ልጆችን በበረሃ ወደ ሊቢያ የሚያሻግር ደላላ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ጥጋቡ የሚኖርበት ግቢ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ወሬ ጀመረ።

«ቅዳሜ መኪናው ይነሳል። አንድ ቦታ ላንተ ብዬ ይዣለሁ።»

«በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ልሞክር ነው» አለ ጥጋቡ። «አንድ ሰው ያ ከህረባጂ ብሎ ከጠራኝ እቀራለሁ። ካልጠራኝ ቅዳሜ ካንተ ጋር ነኝ።»

ሻምበል ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከህረባጂ! በስልክ ተምረህ? እኔም እኮ ስልክ ላይ ቀዶ ጥገና አይቻለሁ፤ ና ልቅደድህ! በል ኢንጂነር፣ ቅዳሜ ሲነጋ እመጣለሁ። ወንበርህ አይነካም፣ ኢንሻአላህ።»

በማግስቱ ጥጋቡ አካፋውን ቤት ትቶ ወጣ። አደባባዩ ላይ ቦታውን ያዘና ከኪሱ አንድ ቴስተር አወጣ። ጫፏን ሽቦ ስታስነካት፣ ሽቦው ውስጥ መብራት ካለ ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቀይ የምትበራ ካቻቢቴ ናት። ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ እሷን መሐል ላይ፣ ፒንሳውን ከጎኗ አስቀመጠ።

አጠገቡ የሚቀመጠው ግንበኛ ጥዑመልሳን አንገቱን አሰገገ። «ምንድን ናት እቺ? የጥርስ መጎርጎሪያ ነው?»

«ሥራዬ ናት።»

«አካፋህስ?»

«ታመመች።»

«ጉድ ፈላ! ሰዎች፣ ኮሬክ ሌሊቱን ከህረባጂ ሆኖ አደረ!» አደባባዩ በሳቅ ተንጫጫ። አንድ ሱዳናዊ ቀለም ቀቢ ተነሥቶ ጥጋቡን በጣቱ ነካ አደረገና እንደ ነዘረው ሰው ተንዘፈዘፈ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ጥጋቡ የጨርቁን ጫፍ አቃና። ያን ቀን የጠራው የለም። በማግስቱም የለም። አካፋ ፈላጊ ሲመጣ ልቡ ብድግ ይላል፤ እሱ ግን አይነሳም።

ረቡዕ ሉጥፊያ መጡ። አርካዊት ከሚባለው ሰፈር የመጡ ሱዳናዊት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጨርቁ ላይ ያለችውን ቴስተር አዩ፣ ቀና ብለው እሱን አዩ።

«ከህረባጂ?»

ጥጋቡ ቴስተሯን ከጨርቁ አነሣ። «አይዋ፣ ኻልታ» አለ፤ አዎ፣ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ሐበሻ ከህረባጂ አይቼ አላውቅም። ያላ፣ ተነሣ።»

ቤቱ አሮጌ ነው። ሥራው ለሳሎኑ የጣሪያ ማራገቢያና ለወጥ ቤቱ መብራት አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገባት ነው። ጥጋቡ ሽማግሌው እንዳስተማረው አደረገ፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ መብራቱን ከሥሩ አጠፋ። የግድግዳውን ሣጥን ሲከፍት ግን የጠበቀውን አላገኘም። በሽማግሌው ቪዲዮ ላይ ጥቁርና ነጭ ሽቦ ነበረ፤ ጥቁሩ መብራት የያዘው፣ ነጩ ደግሞ መብራቱን ወደ መጣበት የሚመልሰው መላሹ። እዚህ ያለው ቀይና ጥቁር ነው። አሰበ። ጥቁሩ መብራት የያዘ ከሆነ መላሹ ቀዩ መሆን አለበት። ጥቁሩን በማብሪያው በኩል አሳለፈው፣ ቀዩን በቀጥታ ወደ ላይ ላከው። ቆጣሪውን መለሰ። ማራገቢያው ተሽከረከረ፤ አጠፋው፣ ቆመ። መብራቱ በራ፤ ጠፋ።

ሉጥፊያ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ማሻአላህ! የዚህ ወጥ ቤት አምፖል በእንፋሎቱ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔው ወንበር ላይ ወጥቼ ነው የምቀይረው። ማንንም አልለምንም!»

ጥጋቡ በኩራት ሣቀ። ቴስተሯ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ ያን ቀን አንዴም አላወጣትም። ለምልክት ነበር የያዛት፤ ካዙላውን አይተው ግንበኛውን እንደሚጠሩት፣ እሷን አይተው እንዲጠሩት።

ማታ ሻምበልን ግቢ ውስጥ አገኘውና «ከህረባጂ ሆኛለሁ፤ አልሄድም» አለው። ሻምበል ትከሻውን ነቀነቀ። «ሐሳብህን ከቀየርክ ወንበሩ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው።»

ዓርብ አል-ማንሺያ ሄደ። ያንኑ ቪዲዮ ለመማር ሳይሆን ለደስታ ከፈተው፤ ሽማግሌውን እንደ ዘመድ ሊያየው። አይቶ ሲጨርስ ከሥሩ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች እየጎተተ አነበበ። አንድ የናይሮቢ ሰው እንዲህ ብሎ ነበር፤ «ወንድሞች ተጠንቀቁ። እኛ ጋ በአሮጌ ቤቶች መብራት የያዘው ቀዩ ነው፤ ጥቁሩ መላሽ ነው።» ሽማግሌውም ከሥሩ መልሶለታል፤ «ልክ ነህ ወዳጄ። እኔ የማስተምረው ስለ እኔ አገር ቤት ነው።»

ጥጋቡ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳንቃው ላይ ባለው ማብሪያ በጣቱ መንገዱን ተከተለው፤ ቀዩ ከሥር እስከ አምፖሉ፣ ማብሪያውን ሳይነካ። ገባው። የሉጥፊያ ማጥፊያ መላሹን ነው የሚቆርጠው። አምፖሉ ይጠፋል፤ የአምፖሉ ቤት ግን መብራት እንደያዘ ይቀራል። ጠፍቷል ብለው ወንበር ላይ ወጥተው፣ ከዕቃ እጥበት የመጣ እርጥብ እጃቸውን ሲሰዱ...

«ጋሼ» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ሰው ልገድል ነው።»

ነገራቸው። ጋሽ ገብረየስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙትና መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ስማኝ፣ አንተ ልጅ። ተመልሰህ ሴትዮዋን አጥፍቻለሁ ብትላት ፖሊስ ትጠራለች። ቢጣቃ የለህ፣ መታወቂያ የለህ። የፖሊስ ከሻ መጥቶ አፍሶ ቢወስድህ ማን ያወጣሃል? ነገ መኪና አለ አላልክም? ውጣና ሂድ። እሷን እግዜር ይጠብቃታል።»

«አምፖሉን ራሳቸው ናቸው የሚቀይሩት፣ ጋሼ።»

«ብትቀይር! ምናልባት አትነካው ይሆናል።»

«ይነኩታል» አለና ጫማውን አሰረ።

የዓርብ ሶላት ሰዓት ነበር፤ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅም የለም። ከአል-ማንሺያ እስከ አርካዊት በዚያ እሳት ውስጥ ሮጠ። ሲሮጥ ተናደደ። በሽማግሌው አልተናደደም፤ ሽማግሌው ያለውን በነፃ ሰጠ፣ ሲጠየቅም እውነቱን መለሰ። እዚህ ከተማ ውስጥ ግን በየቤቱ ይሄንን ቀይና ጥቁር ሽቦ ሲያገናኙ የሚውሉ፣ አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች የሉም? ስልክ የላቸውም? አንዱ እንኳ አፉን ከፍቶ «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ቢል ምን ይጎድልበታል? የሠርጋችንን ጭፈራ ለዓለም እናሳያለን፤ እጃችን የሚያውቀውን ግን እንደ ሌባ ዕቃ ደብቀን እንሞታለን። ከዚያ የሰው አገር ሽማግሌ የራሱን ቤት ያስተምረናል፤ እኛ በእሱ ቤት ትምህርት የሰው ቤት እናቃጥላለን። በራሱም ተናደደ። ቴስተሯ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ኪሱ ውስጥ!

ሉጥፊያ በሩን ሲከፍቱ በላብ ተጠምቆ አዩት። «ምን ሆንክ? ዕቃ ረሳህ?»

«አምፖሉን ነክተዋል?»

«ምን?»

«የወጥ ቤቱን አምፖል! ቀይረዋል?»

«አልተቃጠለማ፤ ለምን እቀይራለሁ?»

ጥጋቡ የበሩን መቃን ይዞ ተነፈሰ። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አረብኛው ነገራቸው። ገብቷቸው እንደሆነ ስላላወቀ ወጥ ቤት ገባ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ አምፖሉን በጨርቅ ይዞ አወጣና የቴስተሯን ጫፍ የአምፖሉ ቤት ውስጥ አስነካ። ማጥፊያው ጠፍቷል። ቴስተሯ ግን ቀላች።

ሉጥፊያ ያችን ቀይ ነጥብ ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ፈነዱ። «ልትገድለኝ ነበር! በገዛ ወጥ ቤቴ! ማን ነው ያስተማረህ አንተን?»

«ተሌፎን።»

«ተሌፎን!»

ስልኩን አውጥቶ ሽማግሌውን አሳያቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ጋራዡን፣ ወፍራሞቹን ጣቶች፣ ጥቁርና ነጩን ሽቦ አዩ። «ይሄ ሰውዬ ቤቴን ያውቀዋል?» አሉ። «አላህ ይማረውና ይሄን ቤት የሠራው ባሌ ነው። የሰውዬው ቤት የእኔ ቤት አይደለም።»

«አይደለም» አለ ጥጋቡ።

«ታዲያ ምን ቆመሃል? አስተካክላ! እኔ እዚሁ ቆሜ አያለሁ። ካንተ ላይ ዓይኔን አልነቅልም።»

እንዳሉትም ቆሙ። ጥጋቡ ቆጣሪውን ከማጥፋቱ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተሯ ጠየቀ፤ ቀዩ በራ፣ ጥቁሩ ዝም አለ። ምልክት አደረገባቸው፣ መብራቱን ከሥሩ አጠፋ፣ ፈታ፣ አዟዟረ፣ ገጠመ። ማራገቢያውንም እንዲሁ። መልሶ አብርቶ፣ መልሶ አጥፍቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ፈተነ። ማጥፊያው ሲጠፋ ቴስተሯም ጠፋች።

ሉጥፊያ ቁጣቸው አልበረደም፤ ግን ድምፃቸው ወረደ። «ብትቀር ማን ያገኝህ ነበር?»

«ማንም።»

«ለምን መጣህ ታዲያ?»

«አምፖሉን ራስዎ ነው የሚቀይሩት።»

ሉጥፊያ እጃቸውን ዘርግተው ቴስተሯን ከጣቱ ወሰዱ፣ አገላብጠው አዩ። «ይቺ እንዴት ነው የምትያዘው? አሳየኝ። ከእንግዲህ አንተንም ማንንም አላምንም፤ ራሴ ነው የማየው።» አሳያቸው፤ አውራ ጣት ከኋላ፣ የብረቱን ጫፍ ሳይነኩ። ሶኬቱ ላይ አድርገው ቀይዋን ነጥብ ሲያዩ እንደ ልጅ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። መልሰው ሲሰጡት እጃቸው ላይ ጥቂት አቆዩዋት። «ጓዳው ውስጥ ያለው ሶኬት ይጨሳል። እሑድ ና። መጀመሪያ ይቺ፣ ከዚያ እጅህ። ሰማህ?»

ቅዳሜ ሲነጋ የሻምበል መኪና አደባባዩን ዞሮ ቆመ። ሻምበል አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ኢንጂነር! የመጨረሻ ጥሪ ነው!»

ጥጋቡ ጨርቁን እየዘረጋ ነበር። «ባዶው ወንበር ላይ አንተው ወገብህን አሳርፍበት!» አለው። ጥዑመልሳን በሳቅ ካዙላውን ጣለ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጋሽ ገብረየስ ስልኩን ይዘው ቆሙ፤ ጥጋቡ ሳንቃውን ይዞ ፊታቸው። ጣታቸው ጥግ ጥጉን እየሸፈነ፣ የጎረቤት ጄነሬተር እየጮኸ፣ «ጀመርኩ? ልጀምር?» እያሉ እያቋረጡት ቀረጹት። ጥጋቡ ሁለቴ ተሳሳተ፣ ሦስተኛው ላይ ላቡን ጠርጎ ተናገረ፤ «ስሜ ጥጋቡ ነው። ይሄ ትምህርት ለካርቱም ቤት ነው። ሌላ አገር ካላችሁ መጀመሪያ የቤታችሁን እወቁ። እኔ ሳላውቅ ሠርቼ ሰው ልገድል ነበር። ስለዚህ ቀለም አትመኑ፤ እኔንም አትመኑ።» ቀጥሎ ቴስተሯን አነሣ።

ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት፤ ብዙ ሰው ግን አላየውም። ለብዙ ጊዜ የሚያዩት ጋሽ ገብረየስና ጥዑመልሳን ብቻ ይመስሉ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አደባባዩ ላይ ቁጢጥ እንዳለ ስልኩ ነዘረ። ከቤይሩት አንዲት ቤቲ የምትባል ልጅ ጽፋለች፤ «ወንድሜ፣ የምሠራበት ቤት ያለው ሽቦ ቡኒና ሰማያዊ ነው። መብራት ያለው የቱ ነው?»

ጥጋቡ ለመመለስ ቸኮለ። ቡኒው እንደሆነ አንብቦ ነበር። ጣቱ ፊደሉ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያየው ቀይ ነጥብ መጣበት። የጻፈውን አጠፋና እንደገና ጀመረ።

«እህቴ፣ ቀለሙን እኔን አትጠይቂኝ። ቴስተር ግዢ፤ እንዴት እንደምትያዝ ቪዲዮው ላይ አለልሽ። የጠየቅሻት ጊዜ የነገረችሽን ደግሞ ቀርጸሽ ልቀቂው፤ ቤይሩት ያለች ሌላም ታየዋለች።»

ገና ሳይልከው አንድ መኪና አጠገቡ ቆመና መስኮቱ ወረደ።

«ያ ከህረባጂ!»

ላከውና ቴስተሯን ከጨርቁ ላይ አንሥቶ ተነሣ።